ለደህና ነው የመጣሁ

አያ ሙሐመድሁሴን ወደ ሰው በር ሲጠጋ፣ ገና ሃያ እርምጃ ሲቀረው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለደህና ነው የመጣሁ!» ይላል። ጨው ሊገዛ ሲሄድም ይላል፤ መጥረቢያ ሊዋስ ሲሄድም ይላል። እንዲህ ካላለማ ሐይቅ ከተማ ዳር ያለው የዚያ ሰፈር ሰው ክው ብሎ ይቀራል፤ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ የሚጥልም አይጠፋ።

ሰዉ አይፈረድበትም። አያ ሙሐመድሁሴን የቅሬው ለፋፊ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ሙታኑን የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት አያ ሙሐመድሁሴን ጡሩምባውን ይዞ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። ድምፁ ደግሞ ያማረ ነው፤ ስም ሲጠራ ሳያስበው ወደ አምባሰል ዜማ ያዘነብላል። «እሱ የጠራው ሟች አይከፋውም» እያሉ ይቀልዳሉ ሰዎቹ። የሚቀልዱት ግን እሱ በሌለበት ነው። እሱ ባለበትማ ማን አፉን ይከፍታል!

ሠርግ አይጠሩትም ብል እዋሻለሁ፤ ይጠሩታል። ብቻ ከዳሱ ሲገባ የሙሽራዋ እናት ፊት ይለዋወጣል፤ እሱም ያንን ላለማየት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይወጣል። ሚስቱ የሞተች ቀን ጡሩምባውን የሚነፋ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሱ ነፋላት። የገዛ ሚስቱን ስም በየመታጠፊያው እየጠራ ብቻውን ዞረ፤ ዞሮ ሲጨርስም ብቻውን ተመለሰ። አንድያ ልጁ ራህመት ሪያድ ናት። አርብ አርብ ትደውላለች። «ደህና ነህ አባቴ?» «አልሐምዱሊላህ፤ አንችስ?» «ደህና።» ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል ሁለቱም አያውቁትም፤ ስልኩ ይዘጋል። መኖሪያው ከቅሬው ቤት ጎን የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። የቅሬው ቤት ራሱ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ አግዳሚ፣ ሸራና ትልልቅ ድስት ተከምሮ ሰው እስኪሞት ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ባለፈው ጥቅምት ቅሬው ሲሰበሰብ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሺሀረግ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ «አንድ ጉዳይ አለኝ» አለች። ትምህርት ቤቱ ክፍል ስላልበቃው በፈረቃ ነው የሚያስተምረው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ጠዋት ገብተው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃሉ። ከዚያ እስኪመሽ ውሏቸው መናኸሪያ ነው። መናኸሪያ ደግሞ ደላላ አይታጣም፤ ሳንቡሳ ይገዛላቸዋል፣ ስለ ሳዑዲ ያወራላቸዋል፣ አንድ ቀን ጠዋት ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ካቻምና ከአንድ ክፍል ብቻ ዘጠኝ ልጆች በጅቡቲ በኩል ወጥተዋል፤ የሁለቱ ወሬ እስከዛሬ አልተሰማም።

«ከሰዓት በኋላ የማስቀምጥበት ቤት ስጡኝ» አለች። «አስተማሪ እኔ አመጣለሁ።»

የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ሽታው፣ ጢሙን በጣቱ እያፍተለተለ፣ «እመት፣ ቅሬ እኮ የሞተ ሊቀብር ነው የቆመ» አላት።

«የሄዱትንስ ማን ሊቀብራቸው ነው? አስከሬናቸው እንኳ አይመጣላችሁ!»

ሽታው እጁን ከጢሙ አወረደ። ቅሬ ደግሞ አንዴ ካመነ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ለቀብር የሚሠራበትን ደንብ እንዳለ አንስቶ ለትምህርቱ አዋለው። በየቀኑ ሁለት የቅሬ አባል በተራ ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ ተራውን የቀረ ከቀብር እንደቀረ ይቆጠራል። ፋሲካ የምትባል በሒሳብ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ሁለት ዓመት የተቀመጠች የሰፈሩ ልጅ ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር እየተፈራረቀች ታስተምራለች። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ያዙ፦ ሰው ከሞተ አግዳሚውም ሸራውም ወደ ሐዘኑ ቤት ይሄዳል፤ የጥናቱ ቤት ሦስት ቀን ይዘጋል። የሞተ ይቀድማል። በዚህ ተስማሙ። ቁልፉ ያለው አያ ሙሐመድሁሴን ዘንድ ስለሆነ፣ በሩን መክፈትና ሰዓት ሲደርስ መደወል ለሱ ተሰጠ።

እንግዲህ ደውል ሲሉት እሱ የሚያውቀው መደወያ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ጡሩምባውን አውጥቶ ነፋ። ሰፈሩ ከመሠረቱ ተነቀለ! ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ «ማነው? ኧረ ማነው?» እያሉ ጎረፉ። ወንድሟ ታሞባት የነበረች አንዲት ሴትማ ደረቷን እየደቃች እንባዋን ግማሽ መንገድ አፍስሳ ጨርሳ ነበር። ሁሉም የቅሬው ቤት በር ሲደርስ የሚያየው ደብተሩን ይዞ የተሰለፈ ሠላሳ አንድ ልጅ ነው። «ኧረ ለትምህርት ነው! ለደህና ነው ጎበዝ!» እያለ አያ ሙሐመድሁሴን እጁን ያወናጭፋል። አቶ ሽታው ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ አመለጠው። ያችን እንባዋን ያፈሰሰች ሴት ግን ማንም አላሳቃትም። ከዚያ ወዲያ አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተሰቀለና እሱ በብረት ይመታ ተባለ።

ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተውት ነበር። እሱ ካለበት ጥግ ርቀው ይቀመጣሉ፤ ውሃ ሲያመጣላቸው ጆጉን ወለሉ ላይ እስኪያስቀምጠው ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ጋደም ብሎ ሳለ፣ ከውጭ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ለደህና ነው የመጣሁ!» ስትል ሰማ።

ብድግ ብሎ ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቆማለች፤ ኢቲሳም ትባላለች። «ጠመኔ አልቆ ነው አባባ» አለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

አያ ሙሐመድሁሴን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቀ ቢያስብ አልመጣለት አለ። በማግስቱ ሠላሳ አንዱም ልጅ ከበሩ ሲደርስ «ለደህና ነው!» እያለ መግባት ጀመረ፤ ልማድም ሆኖ ቀረ። እሱ ደግሞ በዚያ በር ላይ፣ በዚያ በር ላይ ብቻ፣ ማለቱን ተወ። ማን ሊደነግጥበት!

ኢቲሳም ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትወጣው። እናቷ ዋሲላ ሳዑዲ፣ ደማም የሚባል ከተማ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልጅቱ የምትኖረው ከአጎቷ ከሐቢብ ጋር ነው። ሐቢብ ባጃጅ ይነዳል፤ ሳይመሽ አይገባም። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ሌሎቹ ሲበተኑ እሷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀራለች፤ አያ ሙሐመድሁሴንም ሌላኛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር የሚቀመጡት። ኋላ ወሬ መጣ። እናቷ እሁድ እሁድ በኢሞ እንደምትደውልላት፣ ሁልጊዜም «አንች ስምንተኛን እለፊልኝ እንጂ እኔ እመጣለሁ፤ አንች ግን እንዳትመጭ!» እንደምትላት ነገረችው። አንድ ቀን ደግሞ ስም እንዴት እንደሚጠራ ጠየቀችው።

«ከሆድ ነው» አላት። «በፊተኛው ስም ትንፋሽሽን አትጨርሽው። ለአባትየው ስም አስተርፊ። ሰው የአባቱ ስም ተቆርጦ ሲጠራ ያሳዝናል።»

«ልሞክር?»

«የቆመ ሰው ስም አይለፈፍም!» ብሎ ተቆጣ።

አሰብ አደረገችና ደረቷን ነፍታ «ፓይታጎራስ!» ብላ ጮኸች። «እሱስ ሞቷል አሉ፤ መምህርት ፋሲካ ነገረችን።»

«አባቱስ ማን ይባላል?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«እዘኝለት በያ» አለና ሁለቱም ሳቁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰኔ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። ፈተናው ረቡዕና ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አቶ ሽታው ሰው ልኮ አያ ሙሐመድሁሴንን ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ አስጠራው። ሲገባ ሐቢብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ዋሲላ አርፋለች» አለ ሽታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜ ነው አሉ፤ ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም። ትናንት እዚያው ቀብረዋታል።»

«ኢና ሊላሂ…» አለ አያ ሙሐመድሁሴን፤ እጁ ከልማዱ የተነሳ ጡሩምባውን ፍለጋ ወደ ትከሻው ሄደ። አልያዘውም ነበር።

የሺሀረግ ጠረጴዛዋን እያየች ተናገረች። ልጅቱ አሁን ከተረዳች ፈተናው ቀረ ማለት ነው። እናቲቱ በሕይወቷ የፈለገችው ነገር ቢኖር ይህንኑ ፈተና ነው። ስለዚህ መርዶው ይሰወርና ሐሙስ ፈተናው ያልቃል፤ አርብ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ሄዶ ያረዳታል። ሐቢብ «እኔ ፊቴን መደበቅ አልችልም» አለ። «ባጃጄ ላይ ውዬ እሷ ስትተኛ እገባለሁ።»

«ጡሩምባ የለም» አለ ሽታው ወደ አያ ሙሐመድሁሴን ዞሮ። «ቀብሩ እዚያው አልቋል፤ ደንቡም የሚነፋው ለቀብር ነው። አንተ እንደወትሮህ ሁን።»

«እንደወትሮዬ ስሆን እኮ ነው ሰው የሚደነግጥ» አለ እሱ። ማንም አልሳቀም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቢሮው ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። መርዶው ዛሬ ቢነገር አግዳሚው ዛሬ ይወጣል፤ የጥናቱ ቤት ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ ፈተና፣ ከፈተና በኋላ ደግሞ ክረምት ነው፤ ልጆቹ አይመጡም። መርዶው ተደብቆ በመቆየቱ እሱ አራት ቀን አተረፈ። ይህን ሲያስብ ራሱን ተጸየፈው። የልጅቱ እናት ሞታ እሱ የራሱን ከሰዓት በኋላ ያሰላል!

ስምንት ሰዓት ላይ ቸርኬውን መታ። ልጆቹ «ለደህና ነው! ለደህና ነው!» እያሉ ገቡ፤ የኢቲሳም ድምፅም ከመሃላቸው ነበረ። ፋሲካ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች። አያ ሙሐመድሁሴን ውሃ በጀሪካን ይዞ ገባና በሩ ላይ ሲደርስ፣ ምን እንዳስባለው አላህ ይወቅ፣ «ለደህና ነው የመጣሁ!» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኢቲሳም አልሳቀችም። ቀና ብላ ትንሽ አየችውና «እሺ አባባ» ብላ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። እሱም ውሃውን አስቀምጦ ወጣ።

ማክሰኞ ሌሎቹ ሲበተኑ እንደልማዷ ቀረች። ቆሎ በሳህን አምጥቶ በመሃላቸው አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል፤ ቆርቆሮው ይንቋቋል። ሁለቱም ቆሎውን አልነኩትም።

«አባባ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቁ አንቱ ኖት?»

«ከቤተሰቡ ቀጥሎ» አለ እሱ።

«አይከብድም?»

«ስነፋው ይቀለኛል። እስክነፋው ነው የሚከብድ።»

ያኔ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሽታው ፊት መጣበት፣ የሺሀረግ ፊት መጣበት፣ ረቡዕ ጠዋት ባዶ የሚሆነው ወንበሯ መጣበት።

«ቆሎውን ብይ እንጂ» አለ።

«ሒሳቡን አንዴ ልድገመው» አለች እሷም፣ ደብተሯን ገለጠች። ዓይኗ ግን አንዱ መስመር ላይ ቀረ፤ ገጹንም ሳትቀይር መሸ። ስትሄድ ከበሩ ቆሞ አያት፤ መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። የሚጠብቃት ሰው ቤቷ ውስጥም እንደሌለ ያውቃል፤ ሐቢብ ሰው በሌለበት መንገድ ባዶ ባጃጁን ይዞ እየዞረ ነው። አያ ሙሐመድሁሴን ወደ ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ። ብቸኝነትን የሚያውቀው ይመስለው ነበር። የሚያጫውተው አጥቶ መኖር ለምዶታል፤ የሚናገሩትን ይዞ የሚነግሩትን ሰው ፊት ለፊት እያዩ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው።

ረቡዕ ከፈተና መልስም መጣች፤ ለሐሙሱ አነበበች፤ ብዙም አላወሩ። ሐሙስ ፈተናው አለቀና ልጆቹ ሁሉ እየጨፈሩ የቅሬውን ቤት ወረሩት። ፋሲካ ለስላሳ አመጣች፤ ጠጡ፣ ተሳሳቁ፣ «አባባ ክረምቱን ደህና ክረሙ!» እያሉ ተበተኑ። ኢቲሳም ቀርታ ወለሉን ጠረገች። ከዚያ አግዳሚዎቹን ትደረድር ጀመር። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚደረድሩት በግድግዳው ዙሪያ ነው። እሷ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥማ በሩ አጠገብ ከመረቻቸው፤ ሸራውንም ከጥጉ ጎትታ በላያቸው አደረገችው። አያ ሙሐመድሁሴን ጎበዝ ልጅ ናት ብሎ አለፈው። ሃያ ሁለት ዓመት አግዳሚ ወደ ሐዘን ቤት የጫነ ሰው ይህን አይቶ ምንም አልገባውም።

አርብ ጎህ ሲቀድ ስድስት ሽማግሌዎች፣ ሽታውና የሺሀረግ ሆነው ወደ ሐቢብ ቤት ሄዱ። አያ ሙሐመድሁሴን ከኋላ ከኋላ ተከተለ፤ በመርዶ ጊዜ ለፋፊ ከኋላ ነው የሚሆን፣ ቤተሰቡ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ እሱን እንዳያይ። ግቢው ውስጥ ሐቢብ ባጃጁ ላይ ተቀምጧል፤ እዚያው ነው ያደረ መሰል።

ሽታው እጁን ሊያንኳኳ ሲያነሳ በሩ ተከፈተ። ኢቲሳም ቆማለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻርፗን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራለች።

«ልጄ» አለ ሽታው፣ ያዘጋጀው ንግግር ተደነቃቅፎበት። «ልጄ፣ ዱንያ እንዲህ…»

ልጅቱ በትከሻው በኩል አሻግራ ከኋላ ያለውን አያ ሙሐመድሁሴንን በዓይኗ ፈለገች፤ አገኘችው።

«አባባ፣ ዛሬስ ለደህና ነው አይሉኝም?»

ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩት፤ እሱ ነግሯት ይሆናል ብለው።

«ማንም አልነገረኝ» አለች። «እሁድ ጠብቄያት አልደወለችም። ማታ አብራት የምትኖረው ሴትዮ ኢሞ ላይ ፎቶዋን ቀየረች፤ የእማን ፎቶ አደረገች፤ ከሥሩም ኢና ሊላሂ ብላ ጻፈች። ሰኞ ስመጣ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽን?» አለች የሺሀረግ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ብናገር ቤቱ ይዘጋል። አግዳሚው ይወጣል። ሠላሳ ልጅ ለፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው የት ሊቀመጥ ነው?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ስትለው የሰነበተች ትመስላለች። እንደገና ወደ አያ ሙሐመድሁሴን ተመለሰች። «አንቱ ይወቁ አይወቁ አላወቅሁም ነበር። ጀሪካኑን ይዘው ለደህና ነው ሲሉ ነው ያወቅሁ። ከጥቅምት ወዲህ እዚያ ቤት ብለውት አያውቁማ።»

«ካወቅሽ ምነው አልጠየቅሽኝ ልጄ?»

«አንቱስ ምነው አልነገሩኝ?»

አሁን ድምፅዋ ተሰበረ።

«አራት ቀን ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን! አንዲቷን ማታ እንኳ አብረን ብናለቅስ ምን ነበረበት?»

አያ ሙሐመድሁሴን ስንት ቤት ሐዘን ይዞ ገብቷል፤ ተረግሟል፣ በሩ ተዘግቶበታል፣ ጡሩምባው ተነጥቆ የተጣለበት ጊዜም አለ። ይህን ያህል ግን አልተመታም። የዋለበት ሁሉ ታየው፤ ያልተነካው ቆሎ፣ ያልተገለጠው ገጽ፣ በሩ አጠገብ ፊት ለፊት የተገጠሙት አግዳሚዎች። ልጅቱ የገዛ እናቷን የሐዘን ዕቃ በገዛ እጇ አዘጋጅታ ነበር፤ እሱ «ጎበዝ» ብሎ አልፏታል። አሳዘነችው። ራሱንም አሳዘነው፤ አፈረም።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ወላሂ አጥፍቻለሁ ልጄ።»

ያኔ ሐቢብ ከባጃጁ ላይ ሆኖ ጮኸ፤ ለቅሶው ተነሳ። የጎረቤት ሴቶች መጡ። አግዳሚውም ሸራውም ቀድሞ ስለተዘጋጀ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ዳሱ ተተከለ። ኢቲሳምን ሴቶቹ ከበው አስቀመጧት፤ ትንሽ ቆይታ ግን ከመሃላቸው ተነስታ ወንዶቹ ወዳሉበት መጣች።

«አባባ፣ ይንፉላት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሽታው ራሱን ነቀነቀ። «የኔ ልጅ፣ ጡሩምባ ለቀብር ነው። ቀብሩ እዚያው ደማም…»

«አውቃለሁ» አለች። «እዚያ ማንም አያውቃት። እዚህ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ስሟን እየዋጣችሁ ዝም አላችሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። እናቴን የጠራት ሰው የለም።»

ሽታው ጢሙን ሲያፍተለትል ቆየና «ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሶላተል ጋኢብ፣ በሩቅ ለተቀበረ የሚሰገደው፣ አይሰገድላትም?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሰገድላታል እንጂ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ሰዉ ለሶላቱ ይጠራ የለም ታዲያ! ሂድ፣ ንፋ።»

አያ ሙሐመድሁሴን ጡሩምባውን ከክፍሉ አመጣ። መንገዱን ሲጀምር ከጎኑ ኮቴ ሰማ፤ ኢቲሳም ናት። ሴቶቹ ሊመልሷት ተጣሩ፤ አልተመለሰችም። እሱም ተመለሽ አላላትም።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆመ። ነፋ። እንደተለመደው በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎች ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ደርቀው ቆሙ። ጡሩምባውን ከአፉ አወረደ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ድምፁ አልወጣ አለው። እንደገና ሞከረ። ያ ሃያ ሁለት ዓመት ከድቶት የማያውቅ ድምፅ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ። በሰዉ ሁሉ ፊት ቆሞ ማልቀስ ጀመረ፤ ሰፈሩ ለፋፊው ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር።

ኢቲሳም ደረቷን ሞላች።

«ዋሲላ…» ብላ ጠራች። ትንፋሿን አልጨረሰችም፤ ለአባትየው አስተረፈች። «…ጠሃ!»

ስሙ ከቆርቆሮው በላይ አልፎ ወደ ሐይቁ በኩል ሄደ። እሱ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ጡሩምባውን ትከሻው ላይ አስተካከለና የልጅቱን እጅ ያዘ። ወደሚቀጥለው መታጠፊያ አብረው ሄዱ፤ እዚያም እሱ ነፋ፣ እሷ ጠራች።